ከቡሎኑ ሥር ያለው ቀለም

ያልሆነውን ሆነ ብዬ ብጽፍ የማተርፈው ነገር የለም። ታሪኩ የሚያዋርደው እኔኑ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ በአባቴ ግቢ ውስጥ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁለት ወር በፊት ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ትንሹ ነበር የምንለው። የአባታችን አሮጌ ፒክአፕ ምሽት ላይ መንገድ መሃል ጠፋበት። መብራቱም አብሮ ሄደ። ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት ጎንበስ ብሎ ሳለ አንድ የጭነት መኪና ፒክአፑን ከኋላ ገጨው... ፒክአፑም በላዩ ላይ ሄደ።

የባትሪውን ገመድ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የቀየርኩት እኔ ነኝ።

አባቴ በለቅሶው መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄን የበላው የዚህ ሰውዬ ገመድ ነው» አለ።

ስሜን እንኳን አልጠራም። ሰውዬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሴን እንደነከስኩ ነበር። ትንሹ ራሱ «ይሄን ቁጣህን ባትሪ ውስጥ ብትሞላው ከተማውን ታበራለህ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አሁን የሚቀልድብኝም የለም።

ባትሪ ቻርጅ አድርጌ፣ የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ወደ አባቴ ግቢ ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ፒክአፑን ነገ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ያየዋል» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም።

«ዛሬ እኔ እከፍተዋለሁ። አንተ ፊት።»

«እሰይ፣ ኢንጂነሩ መጣልን።»

«አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ከሆነ ሁለተኛ ዓይኔን አታይም። ካልሆነ ግን ያኔ ያልከውን፣ ያንኑ ሰው ሰብስበህ ትመልሰዋለህ።»

ከዚያ ከደረት ኪሱ ቁልፉን አወጣና ሄዶ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የፒክአፑ ጭነት ማስቀመጫ እንደ ካርቶን ተጨምድዷል። ከፊት ግን ብዙም አልተነካም። ባትሪውን ቦታው አስገብቼ ሁለቱን ገመዶች አሰርኩ። የካቢኑ መብራት በራ... ግን ፈዝዞ፣ ሊጠፋ እንደደረሰ ሻማ።

ከዚያ የሞተሩ ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ «ጥክ» አለ።

«ገና ነው፣ አትንካው።»

«አልነካሁም።»

«ጥክ ብሏል እኮ።»

ሁለት እጁን በመስኮት አውጥቶ አሳየኝ። ቁልፉ መዳፉ ላይ ነበር።

አሮጌ መኪና ነው፣ አልኩ በልቤ።

የቮልት መለኪያዬን፣ የቴስተሩን፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ ባገኘሁት ባዶ ብረት ላይ አደረግኩ። እኔ የቀየርኩት የግራውንድ ገመድ ከቦዲው ጋር በደንብ ከተገናኘ፣ ቁልፍ ሲዞር ቴስተሩ ከግማሽ ቮልት በላይ አያሳይም።

«አሁን አዙረው።»

ጥክ።

ቴስተሩ ዘጠኝ ቮልት አለ።

«ስንት አለ?»

«ቆይ...»

«ስንት አለ ነው የምልህ።»

«ዘጠኝ።»

አባቴ አርባ ዓመት የነዳ ሹፌር ነው። ዘጠኝ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ኤሌክትሪኩ እኔ ያሰርኩት መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል ማለት ነው።

አንድ ተስፋ ቀርቶኛል። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ፈትቶት ይሆናል። ቡሎን ካጠበቅኩ በኋላ ከቡሎኑ እስከ ቦዲው ቀጭን ቀይ መስመር የማስመር ልማድ አለኝ። ሰው ከነካው መስመሩ ይሰበራል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

መስመሩ አልተሰበረም። ማንም አልነካውም።

ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ወጣ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም። ገመዶቹን ከባትሪው ላይ ፈትቼ ባትሪውን አወጣሁና መሬት ላይ፣ እግሬ አጠገብ አስቀመጥኩት። የካቢኑ መብራት ጠፋ። አባቴም ቁልፉን ደረት ኪሱ ከትቶ ወረደ።

ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት።

ክርር... ክርር...

ደረቅ ነገር በደረቅ ነገር ላይ ሲጎተት።

«አይጥ ነው?» አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አላውቅም።»

እጄን ቡሎኑ ላይ ሳሳርፍ ድምፁ ቆመ። መፍቻውን አስገብቼ ፈታሁት። ቀዩ መስመር ዓይኔ እያየ ተሰበረ። የገመዱን ጫፍ ከቦታው አነሳሁ።

ከሥሩ ነጭ ቀለም ነበር። አዲስ፣ ሙሉ፣ የሚያብረቀርቅ። ፒክአፑ የተቀባው ገመዱን በቀየርኩበት ወር ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ፍቆ ወደ ብረቱ መድረስ የሥራው መጀመሪያ ነው። ሁለት ወር ሙሉ «ፍቄ ነው ያሰርኩት» ብዬ የማልኩት እኔ... አልፋቅኩትም። ገመዱ ለጊዜው በቡሎኑ ጥርስ በኩል ሠርቶ፣ ቀን ጠብቆ ትንሹን ከዳው።

ግን ቀለሙ ላይ ጭረቶች ነበሩ።

አጫጭር። ብዙ። አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ። ሁሉም የገመዱ ጫፍ ሸፍኖት በነበረው ቦታ ላይ ብቻ። ብረቱ ጋ አልደረሱም።

አባቴ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነበር።

«ይሄ ጥፍር ነው» አለ።

«መስመሩን አይተኸዋል፣ አባዬ። ማንም አልፈታውም።»

«ጥፍር ነው አልኩህ። የወንድምህን ሬሳ ስናጥብ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ነገር ነበር። የመንገድ አቧራ መስሎኝ...»

ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ያን ቀን ደውሎልህ ነበር?» አለኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ደውሎ ነበር።»

«ምን አለህ?»

«ጥክ ይላል እንጂ አይነሳም አለኝ። ግራውንዱን ፈትተህ ፋቀው አልኩት። መፍቻ የለኝም አለ። ሥራ ላይ ነበርኩ... ተናድጄ ነበር፣ አባዬ። በየቀኑ ነበር የሚደውለው።»

«ምን አልከው?»

«እንግዲያው በጥፍርህ ፋቀው አልኩት። ዘጋሁበት።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። በጥፊ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢለኝ ደስ ባለኝ ነበር። አባቴ ግን ወደ እኔ አላየም። የሚያየው ቀለሙን ነው።

«ዝም በል» አለ በሹክሹክታ።

ክርር...

እጄ ከቀለሙ አንድ ክንድ ርቋል። የአባቴ እጆች ከኋላው ተጣምረዋል። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ የኮፈኑን ውስጥ ታበራለች፤ ጥላ እንኳን አልነበረም።

ነጩ ቀለም ላይ አንድ አዲስ ጭረት ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

ክርር...

ሌላ።

ቀለሙ እንደ እንጨት ቅርፊት ተጠቅልሎ ተነሳና ጫማዬ ላይ ወደቀ። ከሥሩ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብረት ብልጭ አለች።

የካቢኑ መብራት በራ። ሳይፈዝ፣ ሙሉውን በራ።

ባትሪው እግሬ አጠገብ መሬት ላይ ነበር።

አባቴ ቀና ብሎ ወደ ሹፌሩ ወንበር አየ። እኔ ግን ዓይኔን ከዚያች ቦታ ማንሳት አቃተኝ። ብረቱ ጋ ደርሷል፣ መብራቱም በርቷል...

መፋቁን ግን አላቆመም።