የክንዴ ደቦ

የደን ጠባቂው ክንዴ ግንድ ደረቱ ላይ ተጋድሞበት ሞቶ ተገኘ። ሃምሳ አለቃ ስማቸው ከዳንግላ በፈረስ ሲደርስ ገዳዩ ተይዞ፣ ታስሮ፣ በአገሩ አፍ ስቅላትም ተፈርዶበት ነበር፤ የቀረው መመርመሩ ብቻ ነው።

ጊዜው የካቲት 1957 ዓ.ም.፣ ቦታው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ከጣሊያን በኋላ የገበሬው ግጦሽ ታጥሮ የፈረንጅ ጥድ ተተክሎበታል። አሁን ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነቀዝ ገብቶበት ግማሹ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀልቷል። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል።

ተጠርጣሪው ገበሬ ደጉ እጁ በጠፍር ታስሮ ተቀምጧል። መጥረቢያው ሬሳው አጠገብ ተገኝቷል። ሚስቱ ማናለብሽ የሃምሳ አለቃውን ፈረስ ልጓም ጨበጠች።

«ጌታዬ፣ ባሌ ዶሮ እንኳ ጎረቤት ጠርቶ ነው የሚያሳርደው!»

«ዛፍስ?»

«ዛፍማ ይቆርጣል» አለችና አፏን ያዘች።

ስማቸው ወደ ደጉ ዞረ። «መጥረቢያህ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ክንዴ ተውሶኝ ነው። የታመመውን ግንድ ልጠን ካላቃጠልነው ትሉ ክንፍ አውጥቶ ደህናው ላይ ይሰፍራል ይል ነበር። ለዛሬ ደቦ ጠርቶናል።»

«የደኑ አለቃ ፈቀደ?»

«ኧረ ወዲያ! አጥሩን ካለፍን መሬታችንን ይዘን የምንወጣ ይመስለዋል።»

የደኑ አለቃ አቶ ወርቅአየሁ ባርኔጣውን ለሬሳው አውልቆ፣ ለገበሬዎቹ መልሶ አድርጎ ቆሟል።

«ጎሕ ሲቀድ ዛፉ ሲወድቅ ሰማሁ» አለ። «መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቆረጣውን ይዩት፣ ገና ነጭ ነው።»

«ታመው የተቆረጡት ዛፎች አልተቃጠሉም እንዴ?»

«የተቆረጡት ሁሉ ተቃጥለዋል። ለአዲስ አበባም አሳውቄአለሁ።»

ጋሪ ነጂው ሀብቱ ያደረው አጥሩ በር ላይ ነው።

«አንተስ ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«እንቅልፋም ትሆናለህ። ፈረስህስ?»

«ፈረሴ? ኮሽ ሲል ጋሪ ገልብጦ የሚሮጥ ነው። ዛፍ ቢወድቅማ ዛሬ ኮሶበር ከተማ ድረስ ሄደን ነበር የምንፈልገው።»

ስማቸው ግንዱን አስነስቶ ተንበረከከ። በአንደኛው ጫፍ በኩል ድንጋይ ተፈንቅሎ ጉድጓዱ ቀርቷል። ሬሳውን ገለበጠው፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል፣ የካፖርቱ ጀርባም ዱቄት ለብሷል። አፈሩንም በጣቱ ጠረገ። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ሰበሰበ። ለደቦው የተጠሩት ገበሬዎችም መጥረቢያ በትከሻቸው አጥሩን አልፈው ቆሙ።

«ይህ ዱቄት ነቀዙ ሲበላ የሚተፋው ነው» አለ። «ከግንዱ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈሷል፤ ከሟቹ ጀርባ ሥርም አለ። ዛፉ ዛሬ ጠዋት ወድቆበት ቢሆን እዚያ ማን በተነው?»

«ቆሞም ታሞ ነበር» አለ አቶ ወርቅአየሁ።

«የቆመ ዛፍ ዱቄት እግሩ ሥር ይከመራል እንጂ በቁመቱ ልክ መሬት ላይ አይሰመርም። ግንዱ በድንጋይ ተደግፎ ቆይቷል። እርስዎ ክንዴን ከኋላ መቱት፣ ከግንዱ ሥር ባለው ክፍተት አስገቡት፣ ድንጋዩን ፈነቀሉት። ቆረጣውን በደጉ መጥረቢያ አደሱት።»

«ለምን እኔ?»

«ያልወደቀ ዛፍ ሲወድቅ የሰሙ እርስዎ ብቻ ነዎት። ደግሞም አጥሩ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የሚገባው፤ አንዱ ይኸው ተኝቷል። ደቦው ቢገባ ለአዲስ አበባ ተቃጠለ ያሉት ሁሉ እንደተጋደመ ይታይ ነበር። ያውና!»

ገበሬዎቹ ዙሪያቸውን አዩ። እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ግንድ በግንድ ነው።

አቶ ወርቅአየሁ እጁን ሲታሰር «ምስክርህ ዱቄት ነው!» አለ።

«እርስዎ ካመጡልኝ ምስክር ይሻላል።»

ደጉ ተፈታ። አንጓውን እያሻሸ መጥረቢያውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። «በሉ፣ የክንዴን ደቦ እንጀምር።»

«አትንካ!» አለ ስማቸው። «ግንዱን ሁሉ ዳኛው በዓይኑ ማየት አለበት። ያልተቃጠለ ከሌለ ሰውዬው የሚደብቀው አልነበረውም ይባላል። ያኔ ገመዱ ወዳንተ ይመለሳል።»

«ዳኛው መቼ ይመጣል?»

«ከፋሲካ ወዲያ።»

«ትሉስ?»

ስማቸው ጆሮውን ግንዱ ላይ አስደግፎ ቆየ። ውስጡ ይቆረጠማል።

«እሱ ቀጠሮ አያውቅም» አለ።

ገበሬዎቹ መጥረቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ማናለብሽ የባሏን አንጓ አየች፤ ከአጥሩ ዳር ገና አረንጓዴ የሆኑትን ጥዶች አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማንም እንዳይልጠው፣ ግንዱ ላይ ተቀመጠች።