የመታጠፊያው ነጭ ድንጋዮች

«ድንጋይ ቢደረደር ኖሮ መኪናው ገደል አይገባም ነበር» አለ መሐንዲሱ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ።

መንገድ ጠጋኙ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል፤ ልጁ ከጎኑ ናት። በጫካውና በሐይቁ መካከል የሚጠማዘዘውን ይህን አውራ ጎዳና ሲጠግን፣ የወደቀ ዛፍ ሲያነሳ ሃያ ዓመት ሆነው። የመንገዱ ጠርዝ በዝናብ በተሰነጠቀ ቁጥር፣ ሾፌሮች በጉም ውስጥ እንዲያዩት ኖራ የተቀባ ድንጋይ ይደረድራል። ትናንት አንድ የጭነት መኪና እዚህ መታጠፊያ ላይ ወደ ገደሉ ተንሸራቶ ዛፍ ያዘው፤ ሾፌሩ እግሩ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኝቷል።

«አምስት ደርድሬ ነበር፣ ጌታዬ።»

«የት አሉ ታዲያ? እግር አውጥተው ሄዱ?»

ከመሐንዲሱ ኋላ የቆሙት ሠራተኞች ሳቁ። የልጅቷ ደም ፈላ። በዕድሜ የሚያንሰው ሰው አባቷን «አንተ» እያለ ያመናጭቀዋል፤ እሱ ደግሞ «ጌታዬ» ይላል።

«ልጄ በየቀኑ በዚህ ያልፋል። ምንም ድንጋይ አላየሁም ብሎኛል። በል እዚህ ላይ ፈርምና አካፋህን አስረክብ።»

የመሐንዲሱ ልጅ፣ ቀጮ የሚሉት የክፍል ጓደኛዋ፣ መኪና ውስጥ ስልኩን ይነካካል። ሄዳ መስኮቱን አንኳኳች።

«አላየሁም አልክ?»

«ባክሽ አታካብጂ። የኔ ፋዘር ካወቀ ይገድለኛል። ያንቺ ፋዘር ሌላ ሥራ አያጣም።»

«ሐሙስ ለት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ማን ነው ወደ ሐይቁ ያንከባለላቸው?»

«አራቱን እኔ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመጀመሪያውንስ? ‹ሲወድቅ ስማው› ያልሽኝ ማን ነበር? ብትናገሪ ችግር ውስጥ አብረን ነው የምንገባው።»

እውነቱን ነው። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ዞሮ እሷኑ ይበላት ጀመር። አባቷ እነዚያን ድንጋዮች ተሸክሞ ባመጣ ማታ ወገቡን በሞቀ ውሃ ያሸችለት እሷ ነበረች።

ዞር ስትል መሐንዲሱ እስክሪብቶ አቀብሎታል። አባቷ ጎንበስ አለ። ሮጣ እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ አትፈርም።» ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «አምስት ነበሩ። አንዱን ሐይቅ የከተትኩት እኔ ነኝ።»

«የቀሩትንስ?»

የመኪናው መስኮት ቀስ እያለ ይዘጋ ነበር።

«ልጅዎን ይጠይቁት።»

የአባቷን ፊት ቀና ብላ ማየት አቃታት። እጁን ግን አለቀቀችም።