ዘንጉን የነኩ ሁለት ጣቶች

ዊላ የጥር ሰዎችን የምትንቀው ለይምሰል አልነበረም፤ ከልቧ ነበር።

የጥር ሰዎች የሚባሉት፣ ሰሜኑ በበረዶ ሲዘጋ ወደ ሞቃታማዋ የደቡብ ደሴት ወደ ኢስላሞራዳ እየጎረፉ ጀልባ የሚከራዩት አጥማጆች ናቸው። አጥማጅ ከተባሉ! ደረታቸው ላይ ዓሣ የተሳለበት ሸሚዝ፣ አንገታቸው ላይ የመነጽር ማሰሪያ፣ አፋቸው ውስጥ ደግሞ ዓምና ያመለጣቸው ዓሣ። ያ ያመለጠ ዓሣ በየዓመቱ ክንድ ክንድ ይጨምራል። መሬት ላይ ሳሉ አንበሳ ናቸው፤ ማዕበሉ አንዴ ብድግ ሲያደርጋቸው እናታቸውን ይጠራሉ። ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ ሲመለሱ ደግሞ መንጠቆውን ያሰረላቸውን፣ ዓሣውን ያሳያቸውን፣ ትውከታቸውን ያጠበላቸውን ሰው በክርናቸው ገፋ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ።

ያ በክርን የሚገፋው ሰው ዊላ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአባቷ ጀልባ በ«ኦፓል» ላይ ረዳት ሆና ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የጀልባዋ ስም የሟች እናቷ ስም ነው። አባቷ ካፒቴን ሆሊስ ጉልበቱ አልቋል፤ ወደ መሪው የሚያወጣውን መሰላል እያንዳንዷን እርከን እየሰደበ ነው የሚወጣት። መሪውን ግን ለማንም አይሰጥም።

«የጥርን ዋንጫ አንድ ጊዜ አምጪልኝ» ይላታል፤ «በማግስቱ መሪው ያንቺ ነው።»

«አንተ በሠላሳ ዓመት ያላመጣኸውን?»

«ለዛ አይደል እንዴ አንቺን የወለድኩት!»

ዊላ ከዚያ መሪ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። ወይም እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ዋንጫው የሚገኘው በባለሸራ ነው። ባለሸራ ጀርባው ላይ ሰፊ ክንፍ የሚዘረጋ፣ አፉ እንደ ጦር የሾለ ረጅም ዓሣ ነው። ተይዞ ይለቀቃል እንጂ አይገደልም፤ ለያንዳንዱ ለተለቀቀ ዓሣ ጀልባዋ አንድ ባንዲራ ገልብጣ ሰቅላ ትመለሳለች። ሕጉ አጭር ነው። ዓሣውን የሚታገለው እንግዳው ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የማጥመጃ ዘንጉን በጣቱ ጫፍ ከነካ ዓሣው እንዳልተያዘ ይቆጠራል። በእርግጥ ዳኛ በሌለበት ባሕር ላይ ለደከመ እንግዳ ዘንጉን የሚይዙ ረዳቶች ሞልተዋል። ዊላ እነሱን ከጥር ሰዎችም አሳንሳ ነው የምትንቃቸው። የሆሊስ ልጅ ዘንግ እንደማትነካ ወደቡ ሁሉ ያውቃል።

ኤሚት መጀመሪያ የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት ከአጎቱ ከሎውል ጋር ነበር። ሎውል ኦሃዮ ውስጥ ቤት ጣሪያ የሚያለብስ ድርጅት አለው፤ የወንድሙን ልጅ ኤሚትን ደግሞ እንደ ሠራተኛም እንደ ሻንጣም ይዞት ይዞራል። ኤሚት ያን ቀን አንድ እግሩን ጀልባዋ ላይ ሲያሳርፍ እጁ ላይ አንድ ነገር ይዞ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው ዊላ።

«ሙዝ ነዋ፤ ቁርሴ። ልግመስልሽ?»

ከእጁ መንጭቃ ባሕር ውስጥ ወረወረችው። ሙዝ የገባበት ጀልባ ዓሣ አያይም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ወደቡ ላይ ምን ሊሠራ እንደመጣ እንጃ።

ኤሚት የምትንሳፈፈውን ሙዝ በዓይኑ ሸኛት። «ይሁን፤ ዓሦቹም ቁርስ ይብሉ» አለ።

አልሳቀችለትም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጀልባዋን ጠርዝ ታቅፎ ያስታውክ ነበር።

በሁለተኛው ዓመትም መጣ፣ አስታወከ። ሌሎቹ ሲያስታውኩ ሳንድዊቹን ያማርራሉ፣ ካፒቴኑን ያማርራሉ። እሱ አፉን ጠርጎ «እኔ እኮ ማጥመድ አልወድም» ነበር ያለው።

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«አጎቴ አለቃዬ ነዋ።»

በሦስተኛው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ደገመችለት። በዚህ ጊዜ ስለ አጎቱ አላወራም። ዓይኑ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ዊላ ዞር ብላ ቢላዋዋን ትፈልግ ጀመር። ቢላዋው እጇ ውስጥ ነበር።

«ስማ» አለችው ዞራ ሳታይ። «በጥር ማንም ይመጣል። ሰው ከሆንክ በነሐሴ ና።»

«በነሐሴ ምን አለ?»

«ምንም! ሙቀት፣ ትንኝ፣ አውሎ ነፋስ። ጀልባዋን ከውሃ አውጥተን ሆዷን የምንፍቅበት ወር ነው። አንድ የጥር ሰው ዝር ብሎ አያውቅም።»

«ነሐሴ» አለ ኤሚት፣ ስሙን እንደሚይዝ ሰው። ከዚያ እንደገና ጠርዙ ላይ ጎንበስ አለ።

ይኸን ያወሩት ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር።

በውድድሩ ቀን ከሰሜን ብርድ ነፈሰ፤ ባለሸራ የሚወደው ነፋስ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ስድስት ዓሣ ያዙ። ስድስቱንም የያዘው ሎውል ነው፤ ማለት ዊላ ያቀረበችለትን ዘንግ ተቀብሎ «እዩኝ! እዩኝ!» እያለ አጠነጠነ። ከስድስተኛው በኋላ ሁለት ሳንድዊች በልቶ ታችኛው ክፍል ገባና እንደ አሮጌ ሞተር ማንኮራፋት ጀመረ። በሬዲዮ ሌላ ጀልባም ስድስት መያዟ ተነገረ። ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር።

ሌላ ዓሣ የጎተተው ክር እየጮኸ መተርተር የጀመረው ያኔ ነው። ቆሞ የነበረው ኤሚት ብቻ ነበር፤ እሱንም ቆሟል ከተባለ።

«ያዝ!» ብላ ዘንጉን ሰጠችው። «ካሁን በኋላ እኔ አልነካውም። የምልህን ብቻ አድርግ።»

«ካስታወከኝስ?»

«አስታውክ! ክሩን ግን እንዳታላላው!»

አርባ ደቂቃ ታገለ። ሁለት ጊዜ አስታወከ፤ ክሩን አላላላም። ዊላ «ዝቅ! አሁን አጠንጥን! ተው እንዳትጎትተው!» እያለች አጠገቡ ቆማ ጮኸች። መዳፉ ተልጦ ሲደማ አየች፤ እሱ አንድም ቃል አላማረረም። ለእጁ ማዘኗ አናደዳት፤ ለጥር ሰው አዝና አታውቅማ።

ከዚያ ማዕበል ከጎን መጣ። ካፒቴን ሆሊስ መሪውን ሊያዞር ፊቱን ወደ ማዕበሉ መለሰ። ጀልባዋ ተንጋደደች፣ ኤሚትን ከነዘንጉ አንሸራታ ወደ ጠርዙ ወሰደችው። ዊላ በግራ እጇ ቀበቶውን ያዘች፤ ደንቡ ይኸው ነው። ቀኝ እጇ ግን ማንም ሳያዘው ሄዶ የእሱን እጅ ጨበጠ። የእሱ እጅ ደግሞ ዘንጉ ላይ ነው። ሁለት ጣቶቿ ከእጁ አልፈው ዘንጉን ነኩ።

ጀልባዋ ቀና አለች። ኤሚት ሁለት እግሩ ላይ ቆመ። ያኔ መልቀቅ ነበረባት፤ አልለቀቀችም። ኤሚት ዓሣውን ትቶ እሷን ያያል፤ እሷም ታየዋለች፤ እጁ ሞቃት ነበር። ምን ያህል እንደቆዩ ሁለቱም አላወቁም። ከዚያ እሳት እንደነካት ሰው እጇን መነጨቀች።

ዓሣው ወደ ጀልባዋ ቀረበ። ዊላ ክሩን ከጫፉ ይዛ መንጠቆውን አላቀቀችው፤ ባለሸራው ሸራውን ዘርግቶ ሄደ።

«ሰባት!» ብሎ ጮኸ አባቷ ከላይ። «ሰባት፣ ዊላዬ!» የጀልባዋን ጡሩምባ ሳያቋርጥ ነፋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ዊላዬ» ብሏት አያውቅም።

ወደ ወደቡ ሲመለሱ ሰባተኛውን ባንዲራ ገልብጣ ስትሰቅል ኤሚት አጠገቧ መጣ።

«የያዝሽው እጄን ነው እንጂ ዘንጉን አይደለም» አላት በዝግታ።

«ሁለት ጣቴ አልፏል።»

«ማን አየ?»

የባንዲራውን ገመድ አጥብቃ አሰረች። ዝም ማለቷን ስታውቅ ራሷን ናቀች። ያን ሁሉ ዓመት ለሌላው ስታድለው የኖረችው ንቀት ዞሮ ቤቱ ገባ።

ወደቡ ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ዳኛዋ ሚስ ኢኔዝ ናት፤ የዓሣ ማጥመጃ መደብር ያላት፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ቅጹን ከወንጌል አስበልጣ የምታከብር አሮጊት። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስቀምጣ እንደ ልማዷ ጠየቀች።

«ሰባተኛው ዓሣ። ከአጥማጁ ሌላ ዘንጉን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም!» አለ ሎውል ደረቱን ነፍቶ። ሲያንኮራፋ የነበረው ሰውዬ!

«አጥማጁን ነው የጠየቅኩት።»

ኤሚት ዊላን አያት። «ማንም አልነካም» አለ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የመጀመሪያ ውሸቱ ነበር። ለእሷ ብሎ መዋሸቱ ልቧን አራራው፤ መዋሸቱ ደግሞ ደሟን አፈላው። አባቷን ቀና ብላ አየችው። መሪው አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል።

«እኔ ነክቻለሁ» አለች ዊላ።

ሚስ ኢኔዝ መነጽሯን አወለቀች። «በምን?»

«በሁለት ጣት።»

«ለምን?»

«ሊወድቅ ነበር።»

«ለምን ያህል ጊዜ?» ቅጹ ይጠይቃል፤ ቅጹ የጠየቀውን ደግሞ ሚስ ኢኔዝ አትዘልም።

«እስኪነሳ ነዋ!» አለ ካፒቴን ሆሊስ ከላይ። «ሰው ይውደቅ ልትይ ነው እንዴ?»

«አይ፣ አባዬ» አለች ዊላ። «ከተነሳም በኋላ ይዤዋለሁ።»

«ከተነሳ በኋላ ለምን?» አለች ሚስ ኢኔዝ እስክሪብቶዋን አንስታ።

«መልቀቅ አልፈለግኩም።»

ከጎረቤት ጀልባ አንዱ ሽማግሌ ረዳት «የናቁት ያስረግዛል አሉ!» ብሎ ጮኸና ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዊላ ፊቷ እንደ ቀይ በርበሬ ሆኖ ጀልባዋ ላይ ወጣችና ሰባተኛውን ባንዲራ በገዛ እጇ አወረደችው። ዋንጫውን ያቺ ሌላዋ ጀልባ ወሰደች፤ በመጨረሻው ሰዓት የራሷን ሰባተኛ ዓሣ ይዛ ነበር።

አባቷ መሰላሉን ወረደ፤ በዚህ ጊዜ እርከኖቹን አልሰደበም፤ ያ ነው ያስፈራት። «መሪ የሚይዝ ሰው መቼ እንደሚለቅ ማወቅ አለበት» አላት። «አንቺ አታውቂም።» እያነከሰ ሄደ።

ሎውል ሁለተኛ እግሬን ወደዚህ አላነሳም እያለ ሻንጣውን አስጫነ። ኤሚት ሊሰናበታት ሲመጣ ዊላ ወለሉን እያጠበች ነበር።

«ላንቺ ብዬ ነው» አላት።

«አውቃለሁ! እሱ ነው የሚያናድደኝ። ሆድህ ሲገለበጥ እንኳ እውነት የምትናገር ሰው ነበርክ። ለዛ እኮ ነው…» ተወችው። መጥረጊያዋን በኃይል ፈተገች። «ዛሬ እንደነሱ ሆንክ።»

«ልክ ነሽ» አለ ኤሚት። «ሁለተኛ አልዋሽም። በነሐሴ እመጣለሁ።»

«ሁሉም እንዲህ ይላል።»

«ሁሉም? ሌላ ማን ብሎሻል?»

«ሂድ ወዲያ!» አለችና ባልዲውን ጫማው ላይ ደፋችበት።

ጥር አለፈ፤ የጥር ሰዎችም ፎቷቸውን ይዘው ተበተኑ። ዊላ ረዳት እንደሆነች ቀረች። ካፒቴን ሆሊስ ስለ መሪው ሁለተኛ አላነሳም፤ እሷም አልጠየቀችም። ኤሚት አንድ ደብዳቤ አልጻፈም፣ አልደወለም። «እሰይ» አለች ዊላ፤ «ድሮስ ከጥር ሰው ምን ይጠበቃል!» በየሳምንቱ ግን «እሰይ» ትል ነበር፤ ለማትፈልገው ሰው ይኼ ሁሉ እሰይታ ምን ይባላል?

ነሐሴ ገባ። «ኦፓል» ከውሃ ወጥታ በእንጨት ተደግፋ ቆመች። ዊላ ከታች ሆና ሆዷ ላይ የተጣበቀውን ዛጎል ትፍቃለች፤ አባቷ ከላይ መሪውን ዘይት ይቀባል። ሙቀቱ የውሻ ምላስ ያስወጣል፣ ትንኙ ዓይን ያጠፋል።

ከኋላዋ አንድ ሰው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ዞረች። አንድ ዓይኑ በትንኝ ንክሻ አብጦ ተዘግቷል፤ ሸሚዙ ላቡን ጠጥቶ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ አጠገቡ አሮጌ ቦርሳና የጣሪያ መዶሻ አለ። ሙዝ እየላጠ ነበር።

«ጀልባ ላይ አልወጣሁም» አለ ኤሚት። «መሬት ላይ ነኝ። እዚህም ይከለከላል?»

ዊላ መፋቂያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ተሳስተሃል። ዓሣው በጥር ነው።»

«ማጥመድ አልወድም አላልኩሽም?»

«አጎትህስ?»

«ሥራዬን ለቀቅኩ። አውሎ ነፋስ ባለበት አገር ጣሪያ የሚሠራ ሰው ሥራ አያጣም ብዬ።» ሙዙን ገምሶ ዘረጋላት። «ቁርሴ ነው። ልግመስልሽ?»

በዚህ ጊዜ ተቀበለችው። በላችውም። ከዚያ ዓይኗን እንዳያይባት መፋቂያውን አንስታ ሰጠችው፤ «ተቀምጠህ የምትበላበት አገር አይደለም!»

ኤሚት መፋቅ ጀመረ። መቼም እንደሱ መጥፎ ፋቂ ታይቶ አይታወቅም።

«እንደሱ አይደለም፤ ቀለሙን ላጥከው እኮ!» ብላ እጇን እጁ ላይ አደረገች፤ አያያዙን ልታሳየው። አሁን ሁለት ጣት አይደለም፤ ሙሉ እጇን ነው። አያያዙን አሳየችው። ካሳየችው በኋላም አላነሳችውም።

«ዊላ!» ብሎ ጮኸ አባቷ ከላይ። «ልቀቂው እንጂ! ሥራ አለብን!»

«አልለቅም!»

ሽማግሌው ቁልቁል አያቸው። የኤሚትን ያበጠ ዓይን አየ፣ መዶሻውን አየ፣ ወሩ ነሐሴ መሆኑንም በልቡ ሳያስታውስ አልቀረም። ከዚያ ኪሱን ዳበሰና የጀልባዋን ቁልፍ አወጣ።

«እንግዲያው ይኼንንም እንደሱ ያዢው» አለ።

«ዋንጫውስ?» አለች ዊላ።

«እሱን የጥር ሰዎች ይፈልጉት!» ብሎ ወረወረላት።

በግራ እጇ ቀለበችው፤ ቀኟ ሥራ ላይ ነበር።