ያላበበው ጽጌረዳ ሽታ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ሰው «ጥላ አየሁ፣ ኮቴ ሰማሁ» ሲለኝ «መነጽርህን ቀይር፣ እራትህንም በጊዜ ብላ» ነበር መልሴ፣ አሁን እናንተም እንደዚያው ልትሉኝ ትችላላችሁ፣ በሉኝ፣ ቅር አይለኝም።

መጀመሪያ ስለ አፍንጫዬ ልንገራችሁ። ድሮ አዲስ አበባ የሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሽቶ ቀማሚ ነበርኩ፣ ጠርሙሱ ተከፍቶ ሳያልቅ ምን እንዳለበት የምናገር ሴት፣ ያ የምኮራበት አፍንጫ ታዲያ በኮሮናው ጊዜ ታመምኩና ድራሹ ጠፋ። ሽንኩርት ማረሩን የማውቀው ጭሱን አይቼ ሆነ፣ ሐኪሙም «ይመለስ ይሆናል» ብሎ አሰናበተኝ።

አገር ለቅቄ በመጣሁባት ኦክላንድ ጡረታ ስወጣ የገባሁበት ማኅበር አለ፣ ሥራችን በአሮጌ መቃብሮች ላይ የቀሩ ጽጌረዳዎችን ታሪክ መፈለግ ነው። ያኔ ሰው ለሞተበት ዘመዱ ጽጌረዳ ይተክልለታል፣ ከጊዜ በኋላ ቤተሰቡ ያልቃል፣ ችግኝ ሻጮቹም ያንን ዘር ትተው ሌላ ያመጣሉ፣ እና ዛሬ የትም የማይገኝ ጽጌረዳ እዚያ ውኃ የሚያጠጣው እንኳ ሳይኖር ብቻውን ሲያብብ ታገኙታላችሁ። ዘሩ እስኪታወቅ ድረስ በሟቹ ስም እንጠራዋለን። ልጄ ሊዲያ «ማሚ፣ የሰው እናት ዮጋ ትሠራለች፣ አንቺ መቃብር ለመቃብር!» እያለች ትስቅብኛለች።

አንዱ ግን ስም አልነበረውም። አንድ ኮረብታ ላይ ባለ የመቃብር ስፍራ ጥግ ነው፣ መቃብሩ ስፋቱ የሕፃን አልጋ የሚያክል፣ ድንጋዩ ተሰባብሮ ጽሑፉ የጠፋ፣ ጽጌረዳው ብቻ የተንሰራፋበት። አንድ ቀን የመቃብር ስፍራው ኃላፊ ደወለልኝና «ሰኞ በዚያ በኩል የውኃ ቧንቧ እናሳልፋለን፣ ቁጥቋጦው ይነቀላል፣ የማን መቃብር እንደሆነ ካመጣሽልኝ ግን መስመሩን አዞራለሁ» አለኝ። ያልጠየቅሁት ሰው፣ ያላገላበጥኩት ወረቀት የለም፣ አጣሁ። እዚህ ሕፃን መቀበሩን የሚናገር ያ ጽጌረዳ ብቻ ነው፣ እሱ ከተነቀለ በቃ፣ ሕፃኑ እንዳልተወለደ መሆኑ ነው፣ ይሄ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። የቀረኝ አማራጭ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሌላ ቦታ ማጽደቅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊዲያ ከአላሜዳ መጥታ በመኪናዋ ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። ጥቅምት ነው፣ ለእኛ የጽጌ ወር፣ እዚያ ቁጥቋጦ ላይ ግን አበባ ቀርቶ እንቡጥም አልነበረም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። «ቀድመሽ ውጪ ማሚ፣ ሥራ ቦታ ኮል አድርጌ እከተልሻለሁ» አለችኝ፣ ጭጋጉ ከባሕሩ መነሣት ጀምሮ ነበር።

እንደ ልማዴ «ነፍስ ይማር» ብዬ ተንበረከክሁና መቁረጥ ጀመርኩ። መቀሴ ቀጭ ሲል ከኋላዬ ደረቅ ቅጠል ኮሽ ይላል፣ ሳቆም እሱም ያቆማል፣ ሊዲያ ናት ብዬ መቁረጤን ቀጠልኩ። ነፋስ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ግን ሰው ዳብሷት እንዳለፈ ተወዛወዘች፣ እና ያን ጊዜ ሸተተኝ። አዎ፣ እኔን! ጽጌረዳ፣ ከሥሩ ደግሞ ለብ ያለ ወተት የመሰለ ነገር፣ እንደዚያ የጠራ ሽታ በዚያ ሁሉ የፋብሪካ ዘመኔ አላውቅም። ቅጠሉን ገለጥኩ፣ ግንዱን አየሁ፣ አንዲትም አበባ የለም። ፈጣሪዬ በአፍንጫዬ ነፍስ የዘራልኝ መሰለኝና አለቀስኩ፣ ደስታ ይሁን ፍርሃት እኔም አልለየሁትም።

እንዲያ ሆኜ ሳለሁ ሊዲያ ከኋላዬ የሹራቤን ጫፍ ያዝ አደረገችኝ፣ ትንሽ ሳለች ታደርገው እንደነበረው። ሳለቅስ እንዳታየኝ ብዬ ሳልዞር፣ «ጨርሻለሁ የኔ እናት፣ ይበርድሻል፣ ነይ እንሂድ» አልኳት፣ እና ቁልቁል ወረድኩ፣ ቀላል ኮቴ እየተከተለኝ፣ ሽታውም አብሮኝ።

ሊዲያ መኪናው ውስጥ ወንበሯን አጋድማ ተኝታለች።

«መቼ ቀደምሽኝ?» አልኳት።

«ምን? አልወረድኩም እኮ ማሚ፣ ሶሪ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። አር ዩ ኦኬ? ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም» አልኩና በሩን ከፍቼ ገባሁ። ሽታው አብሮን ገባ፣ ወደ እሷ ዞር ስል ይበረታል፣ ቤቴ አውርዳኝ ስትሄድም አብሯት ሄደ፣ አፍንጫዬም እንደ በፊቱ ባዶ ሆነ።

ሰኞ ጽጌረዳውን ነቀሉት፣ ዛሬ በዚያ ላይ ቧንቧ ያልፋል። ከቆረጥኳቸው ቅርንጫፎች አንዲት ብቻ ሳን ሆዜ ያለችው የማኅበራችን ባልደረባ ሩት ጓሮ ጸደቀች፣ በሚያዝያም ትናንሽ ነጭ አበባ አወጣች፣ ሩትም ጠራችን። ሁሉም ተራ በተራ አፍንጫውን እየደፋ አሸተተ፣ ሩትም በመጨረሻ «ቆንጆ ናት፣ ግን ይህ ዘር ጭራሽ ሽታ የለውም» አለች። ሊዲያ ሆዷ ገፍቶ አጠገቤ ቆማ ነበር፣ ማርገዟን የነገረችኝ ከዚያች ቅዳሜ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው።

ሴት ልጅ ወለደች። ሆስፒታል ሕፃኗን ሲያስታቅፉኝ መዓዛዋን አላውቀውም ብዬ አስቀድሜ ሆድ ብሶኝ ነበር፣ ጎንበስ ብዬ ራሷን ሳምኩ፣ እና ጽጌረዳ ሸተተኝ፣ ከሥሩም ለብ ያለ ወተት። ደግሜ ደግሜ አሸተትኳት።

«ማሚ፣ ሸተተሽ እንዴ?» አለችኝ ሊዲያ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«አዎ» አልኩ፣ ከዚያ በላይ አልነገርኳትም፣ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ከእሷ በቀር በዚህ ዓለም ላይ የሚሸተኝ ነገር የለም። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም፣ አቅፌያት ስውል አልጠግብም። አሁን መሄድ ጀምራለች፣ ወጥ ቤት ስቆም ቀስ ብላ ከኋላዬ መጥታ የሹራቤን ጫፍ ትይዛለች፣ ጤነኛ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን በዚያች ቅዳሜ ሳልዞር «ነይ እንሂድ» ያልኳትን አስባለሁ፣ ሊዲያ አልነበረችም፣ የነበረችበትም መቃብር ዛሬ የለም፣ እና ሕፃኗን «ነይ» ከማለቴ በፊት ሁልጊዜ ዞሬ አያለሁ።