ካፒቴኑ ለምን ሻማ ያዙ

ካፒቴን ገብረትንሣኤ ከደረጃው ሥር ተደፍተው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው ሻማ ይዟል፣ ክብሪቱ ከጎናቸው ወድቋል። ያገኘቻቸው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ ዮሃና ናት። ቦሌ ለሚ ካለው ልብስ ፋብሪካ ስትመለስ ምሽት ላይ አገኘቻቸው። ጩኸቷን ስንሰማ እኛ ጎረቤቶቿ ነጠላም ሳንደርብ ወጣን።

በነጋታው አትላስ ያለው ግቢያቸው በለቅሶ ሰው ሞላ። ግማሹ ሊያለቅስ ነው የመጣው፣ ግማሹ ሊያይ፤ እንዋሽ እንዴ? የሟች እህት ዘውዲ ታለቅስና መሀል ላይ አቁማ ዮሃናን ትሰድባለች። ቤቱ ላንቺ እንዲሆን ብለሽ ገፋሽው ትላታለች። ካፒቴኑ ቤቱን ለዮሃና እንደተናዘዙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የዘውዲ ልጅ ተስፉ ደግሞ ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ስንት ዓመት ሲለምናቸው ከርሟል። ሁለት ፖሊሶች ዮሃናን ሊወስዷት በር ላይ ቆመዋል።

ኢንስፔክተር ዕፀገነት የመጣችው ይሄኔ ነው። አጭር ናት፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች፣ ዓይኗ ግን የሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ መቼ እንደሞቱ ገና አልተናገረም፣ እሷም ልትጠብቀው አልፈለገችም።

መጀመሪያ ዘበኛውን ዋቅጅራን ጠራችው። ቀኑን ሙሉ ከበር አልተነቃነቅኩም ብሎ ማለላት። እሷ የሸሚዙን ኪስ እያየች ነው፤ የኳስ ቤቲንግ ትኬት ብቅ ብሏል።

«ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?»

«ሁለት ለባዶ» አለና አፉን ያዘ።

ከዚያማ ሁሉንም ተናዘዘ። ከሰዓት በሩን ዘግቶ ኳሱን ሊያይ ሄዶ ነበር፤ የተመለሰው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው፣ ከዚያ በኋላ ከዮሃና በቀር ማንም አልገባም። የትንሿ በር ቁልፍ ግን በቤተሰቡ ሁሉ ኪስ አለ።

ተስፉ በጥቁር ሱፍ መጣ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው የገባው። ማታ እዚሁ አትላስ ሆቴል የጓደኛው ቀለበት ላይ እንደነበር፣ ሰው ሁሉ እንዳየው ሳትጠይቀው ነገራት።

«አጎቴ ጋ ከሰዓት ደውዬ ነበር» አለ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ መብራት ጠፍቷል፣ እስከ ነገ አይመለስም አሉና ዘጉብኝ። ምስኪን፣ በጨለማ ሲወርዱ ነው። ካልሆነም…» ብሎ ዮሃናን አየት አደረጋት።

ዮሃና ተራዋ ሲደርስ ድምጿ አይሰማም ነበር። «ገብቼ መብራት አበራሁ። በራ። ከዚያ ነው ያየኋቸው።»

«ውሸታም» አለች ዘውዲ። «ልጄ ጠፍቷል እያለ በራ ትላለች እንዴ?»

ፖሊሶቹ ጠጋ አሉ። ዕፀገነት በእጇ አስቆመቻቸውና ኩሽና ገባች። የማይክሮዌቩን ሰዓት ከእጇ ሰዓት ጋር አስተያየች። ልክ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ዜሮ እንደሚሆን፣ የሚያስተካክሉትም አጎቷ ብቻ እንደነበሩ ዮሃና ነገረቻት። ከዚያ እኛን ጎረቤቶቹን ጠየቀችን። መብራት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ትናንት ከሰዓት ያን ሁሉ የቲቪ ድራማ በምን አየሁት አልኳት።

ቀጥላ ስለ ካፒቴኑ ሥራ ጠየቀች። የመርከብ ካፒቴን ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተውም ባሕሩን አልተዉትም። ባሕሩ ጠረፍ ላይ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ መብራት አለ፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ምልክትም አለ። አንዱ የጠፋ ወይ ቦታ የቀየረ እንደሆነ ወሬው ለሳቸው ይመጣል። ካርታቸው ላይ ያርሙና መርከብ ላይ ላሉት ልጆች ይደውላሉ። ባሕር የሌለበት አገር ቁጭ ብለው የባሕር መብራት ይጠብቃሉ ብለን እንስቅባቸው ነበር።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። በካፒቴኑ ስልክ፣ ከተስፉ ትንሽ ቀደም ብለው ያናገሩት ቁጥር ላይ ደወለች። ድምፁን ለሁሉም ከፍ አደረገችው። ያነሳው ጸጋአብ የሚባል መርከበኛ ነው።

«ጋሼ ትናንት ምን አሉህ?» አለችው።

«የወደቡ መግቢያ መብራት ጠፍቷል፣ እስከ ነገ አይመለስም፣ ማታ እንዳትገባ አሉኝ። እኛም ውጭ አደርን። ምነው፣ ጋሼ ደህና አይደሉም እንዴ?»

ራሴ እደውልልሃለሁ ብላ ዘጋችው።

«የጠፋው መብራት ባሕር ላይ ነው» አለች። «እዚህ ቤት አልጠፋም። መብራት ባለበት ቤት ሻማ ይዞ ደረጃ የሚወርድ የለም። ስለዚህ ሻማውን ሌላ ሰው ነው ያስያዛቸው፤ በጨለማ ወደቁ እንዲባል።»

ዘውዲ ጣቷን ወደ ዮሃና ቀሰረች።

«ዮሃና አይደለችም። እሷ ብትሆን አበራሁ ትል ነበር? ሻማውን ያስያዘው መብራት የለም ብሎ ያመነ ሰው ነው። የመጣውም በቀን ነው፣ ማታ ቢመጣ ማብሪያውን ነክቶ ያውቅ ነበር። በሩ ላይ ዘበኛ ያልነበረውም በቀን ነው። ተስፉ፣ ካንተ ሌላ ጠፍቷል የሚል ሰው እዚህ አለ?»

ተስፉ ሰውን ሁሉ ተራ በተራ አየ። ዓይኑን የሚቀበለው አጣ።

«ቤቱን ብቻ ነው የለመንኳቸው» አለ። «ሂድልኝ ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ገፋ አደረግኳቸው እንጂ… ይሞታሉ አላልኩም።»

«ከዚያ ኩሽና ገብተህ ሻማ ፈለግክ» አለችው ዕፀገነት። «ማታ ዮሃና ብቻዋን ገብታ እንደምታገኛቸውም ታውቅ ነበር።»

ፖሊሶቹ እሱን ይዘው ወጡ። ለቀስተኛው ከዘውዲ እየሸሸ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። እሷ መሀል ላይ ብቻዋን ቀረች። እንባዋም ቆመ። ለወንድሟ ታልቅስ ለልጇ ጠፋባት።

ዮሃና ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። ወሬ የማልጠግበው እኔ እንኳ ማየት አቃተኝ።

«ለሁለቱም ያልቅሱ እትዬ» አለቻት። «እኔ አለሁ።»