የፌርማታው አበባ

«አንቺ ዝም ብለሽ ፈገግ በይ!» አለች የሚጡ ጓደኛ፣ የመጨረሻዋን ቀንበጥ ጣሳው ውስጥ እየሰካች። «ማን ነቅሎ ያያል?»

ሚጡ ጣሳዎቹን በመደዳ አስተካከለች። አክስቷ አደራ ያሏት ችግኞች በፈተናው ሰሞን ውሃ የሚያጠጣቸው አጥተው ደርቀዋል። አሁን በየጣሳው ቀጥ ብለው የቆሙት፣ ጠዋት ከጓደኛዋ አጥር የተቆረጡ አበቦች ናቸው። ያምራሉ፤ ሥር ግን የላቸውም።

የሰፈሩ አትክልት ቦታ በሰውና በሙዚቃ ደምቋል። ችግኝ ከሚሸጥበት ከዛሬው ድግስ የሚገኘው ገቢ የሰፈሩን ፌርማታና አደባባይ ማስዋቢያ ነው። ይህ ግቢ ራሱ ቀድሞ የቆሻሻ ክምር ነበር። ልብስ ሰፊዋ አክስቷ በሱቃቸው መስኮት እያዩት ምርር ሲላቸው፣ አንድ ቀን መቀሳቸውን አስቀምጠው አካፋ ይዘው ወጡ። የሳቀባቸው ሁሉ ዛሬ እዚህ ውሃ ያጠጣል።

«እቺን ነው የምፈልገው!» አሉ የሰፈሩ አውቶቡስ ሹፌር፣ አንዱን ጣሳ አንስተው። «ተሳፋሪዎቼ ፌርማታው ላይ የኔን ፊት ብቻ ከሚያዩ!»

«ያንተን ፊት ለመሸፈንማ ዋርካ ነው የሚያስፈልገው!» አሉ አክስቷ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ የሚጡን ትከሻ አቀፉ። «ያሳደገቻት እሷ ናት። በደንባችን መሠረት አብራህ ሄዳ ታስተክልሃለች። እኔ እንኳ እንዲህ አላሳምራቸውም!»

የሚጡ ጆሮ ጋለ። ትከሻዋ ላይ ያረፈው የአክስቷ እጅ ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ፤ ጣቱን መርፌ ወጋግቶታል።

«ሲደርቅ አፈሩ ነው ትያለሻ!» ሹክ አለቻት ጓደኛዋ።

ሚጡና ሹፌሩ ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ጠበቃቸው። ሹፌሩ ጎህ ሳይቀድ ነው የቆፈሩት። ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቅመው ዳር ላይ ከምረውታል፤ ውሃም በጀሪካን አዘጋጅተዋል።

«በይ እመቤቴ፣ አሳዪኝ» አሉና ተንበረከኩ።

ሚጡ ግንዱን ይዛ ሳብ አደረገችው። ያለ ምንም ትግል ወጣ፤ ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ነው። ሹፌሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«ጋሼ፣ ሥር ያለው ይዤ እስክመጣ ጉድጓዱን እንዳይደፍኑት» አለች።

ከዚያ ቀንበጡን ሳትደብቅ፣ ከፊቷ ይዛው፣ አክስቷ ወዳሉበት ግቢ ተመለሰች።