በሽፋን ውስጥ የተቀበረው ብራና

ጌትዘል በዓሣ ሻጮቹ በኩል መጣ። ዘንቢል አንጠልጥሏል። ዓርብ ነው። የኢየሩሳሌምን ገበያ ለሰንበት የሚሸምት ሰው አጨናንቆታል።

ፒንሐስ ዞር አላለም። ካሮት ይመርጣል።

ፒንሐስ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ስምንት ወር በዚህ ስም መጽሐፍ ሲጠርዝ ኖሯል። የላከው ጌትዘል ነው፤ የሃይማኖት ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ የምስጢር ስሙ «አጎቴ»። ተልዕኮው አንድ ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ የተለጠፈ ብራና ማውጣት። ብራናው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ሊቅ ፍርድ ነው። ባሏ ባሕር ሰጥሞ ሬሳው ያልተገኘ ሴት ዳግም ታግባ ይላል።

የብሬይንደልም ባል ባሕር ከሰጠመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሬሳው ስላልተገኘ ማግባት አትችልም፣ በሕግ እንደታሰረች ናት። ከፒንሐስ ክፍል በላይ ትኖራለች። ሐሙስ ሐሙስ ሾርባ ታወርድለታለች። ስለ ብራናው አታውቅም። «ነፃ ስወጣ ላይ እኔ ቤት ነው አብረን የምንበላው» ብላው ነበር። «ደረጃው ሰለቸኝ።»

«ካሮቱ ጠውልጓል» አለ ጌትዘል።

«ለሾርባ ይበቃል።»

«አወጣኸው?»

«ጠዋት። በእንፋሎት።»

«ተባረክ። አምጣው። ዳኛው የብሬይንደልን ጉዳይ የሚያዩት እስከ ስድስት ሰዓት ነው።»

ፒንሐስ እጁን ወደ ኮቱ ሰደደ። ዓይኑ ዘንቢሉ ላይ አረፈ። ከጎመኑ ሥር የሸክላ አፍ ብቅ ብሏል።

ገንቦ።

በአይሁድ ሥርዓት ያረጀ ቅዱስ ጽሑፍ አይቃጠልም። አይጣልም። በገንቦ ተደርጎ ይቀበራል።

ጌትዘል ያስወጣው ሊቀብረው ነው።

«ምነው ፈዘዝክ?»

«ሰው እያየን ነው።»

ኮቱ ውስጥ ለጥገና የመጣ የጸሎት መጽሐፍ ገጽም ነበር። በጨርቅ እንደተጠቀለለ እሱን ሰጠው። ሄደ። አልሮጠም።

አርባ እርምጃ።

«ሌባ! ያዙት!» ጌትዘል ጨርቁን ፈቶታል።

አሁን ሮጠ። የወይራ ሻጩን በርሜል ገጨ።

«አንተ ሰውዬ! ሰንበት ገና ነው፣ ምን ያስሮጥሃል?»

በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ ገባ።

ዳኛው ረቢ ሽማርያ ብራናውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡት። ጌትዘል እያለከለከ ገባ።

«ረቢ፣ ከየሽፋኑ የሚወጣውን ሁሉ ከተከተልን ነገ የትኛው ሕግ ይቆማል? አባቶቻችን ያለዚህ ነው የፈረዱት!»

«አይተው ትተውት ነው ወይስ ሳያዩት?»

ጌትዘል ዓይኑን ከብራናው ነቀለ።

«ያላዩትን አልናቁትም» አሉ ዳኛው። «ብቻውን አይበቃኝም። ከሌሎቹ ምክንያቶች ጋር ግን ይደመራል። ከየት እንደወጣ ማን ይመሰክራል?»

«እኔ» አለ ፒንሐስ።

ጌትዘል ሳቀ። «ይሄ? ፒንሐስ የሚባል ሰው እኮ የለም! ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

ዳኛው ብራናውን አስቀመጡ። «ስም የሌለው ሰው አይመሰክርም። ደግሞ ሕጉን ልንገርህ፣ ልጄ። የብሬይንደል ነፃነት በአንተ አፍ ከቆመ አንተ አታገባትም። ለራሱ መሰከረ ይባላል።»

የገበያው ጩኸት በመስኮት ይገባል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ሐኖክ ቲርክል እባላለሁ» አለ። «ከሽፋኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆች።»

ፈረመ።

ከሰዓት በኋላ ሙጫውንና መርፌዎቹን ጠቀለለ። የፍርድ ቤቱ ሰው ደረጃውን ሲወጣ ሰማ። ከዚያ የብሬይንደልን ጩኸት። ከዚያ ሳቋን።

የሾርባ ድስቷን አጥቦ በበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ክዳኑ እንዳይንኳኳ በሁለት እጁ ገጠመው።

ደረጃው ላይ እግሯ ተሰማ። እየሮጠች ነው።

በጓሮ ወጣ።

ከሰንበት በፊት የመጨረሻውን የሐይፋ አውቶቡስ ደረሰበት። ትኬት ቆራጩ ስሙን አልጠየቀውም።